ጎንደር ላይ ውሃ በ93 ዲግሪ ሲፈላ የላብራቶሪ (የላብ) ሪፖርቱ ምን ይበል?

ቤከሩ ውስጥ ያለው ውሃ ይንተከተካል። ቴርሞሜትሩ 93 ላይ ቆሟል። አምስት ደቂቃ ቢጠብቁትም ንቅንቅ አላለም። ስድስቱ የግሩፑ ልጆች እርስ በርስ ይተያያሉ። መጽሐፉ ውሃ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል ነው የሚለው። አንዱ "ቴርሞሜትሩ ተበላሽቷል" አለ። አንዷ ማንዋሉን ታገላብጣለች። በመጨረሻ ስድስቱም ደብተር ላይ አንድ ቁጥር ሰፈረ፦ 100።

እኔም ጎንደር ተማሪ ሳለሁ እንዲሁ ጽፌያለሁ። ማንም አላስገደደኝም። ትክክሉ እሱ መስሎኝ ነው። ቴርሞሜትሩ ግን ደህና ነበር። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,133 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ አካባቢ ነው። ትክክለኛው ቁጥር እጃችን ላይ ነበር። ሰርዘን ጣልነው።

ስለ ላብ ሪፖርት ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሪፖርት ማለት መጽሐፉ ያለውን መልሶ መጻፍ ይመስለዋል። ማርክ የሚገኘውም ቁጥሩ ከመጽሐፉ ጋር ሲገጥም ይመስለዋል። እንደዚያማ ቢሆን ውሃውን መጣድ ባላስፈለገ ነበር።

የላብ ሪፖርት ምንድን ነው?

ምስክርነት ነው። ለሽምግልና የተቀመጡ አባት ምስክርን የሚጠይቁትን አስቡ። የት ነበርክ? በስንት ሰዓት? ምን አየህ? ከምን ያህል ርቀት? ምስክሩ "ሰው እንዲህ ይላል" ብሎ ከጀመረ ያስቆሙታል። "አንተ በዓይንህ ያየኸውን ተናገር" ይሉታል። የመንደሩ ወሬ እውነት ሊሆን ይችላል፤ እሱ የተጠራው ግን ላየው ነገር ነው።

በዩኒቨርሲቲዎቻችን ሪፖርቱ የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ክፍሎቹን ሁሉም በፈረንጅ ስማቸው ነው የሚጠራቸው። ኢንትሮዳክሽን ምን ለማወቅ እንደተነሳችሁ ይናገራል። ፕሮሲጀር የሠራችሁበት መንገድ ነው። ሪዛልት ያያችሁት ነው። ዲስከሽን ያያችሁት ነገር ምን ማለት እንደሆነ የምታስረዱበት ነው። ኮንክሉዥን መጀመሪያ ላይ ላነሳችሁት ጥያቄ የምትሰጡት አጭር መልስ ነው። የሽማግሌው ጥያቄዎች እነዚሁ ናቸው፤ ስማቸው ብቻ ነው የተለየው።

ይህ አጻጻፍ ከየት መጣ?

ሮበርት ቦይል የሚባል አየርላንድ የተወለደ ተመራማሪ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1660፣ አፄ ፋሲል ገና ጎንደር ላይ በዙፋናቸው ሳሉ፣ በአየር መሳቢያ ፓምፕ የሠራቸውን ሙከራዎች ጽፎ አሳተመ። አጻጻፉ ለጊዜው አዲስ ነገር ነበር። ዕቃው ምን እንደሚመስል፣ ምን እንዳደረገ፣ ምን እንዳልሠራለት ሳይቀር ዘርዝሮ ጻፈ። እዚያ ያልነበረ አንባቢ አብሮት ቆሞ ያየ ያህል እንዲሰማው ነበር የፈለገው። ያልተሳኩ ሙከራዎችንም አልደበቀም።

ካያቸው ነገሮች አንዱ ደግሞ ለጎንደር ልጅ ቅርብ ነው። ከእሳት የወረደ ሙቅ ውሃ የመስታወት ዕቃ ውስጥ አስገብቶ አየሩን ሲስብ ውሃው እንደገና መፍላት ጀመረ። እሳት አልተጨመረበትም። የቀነሰው አየሩ ነው።

ምክንያቱ ይህ ነው። አየር ክብደት አለው። ከላያችን የተከመረው አየር ሁሉ የውሃውን ፊት ይጫነዋል። ውሃ እንዲፈላ ውስጡ የሚፈጠረው እንፋሎት ይህን ጫና ገፍቶ መውጣት አለበት። ከፍ ወዳለ ቦታ በወጣን ቁጥር ከላያችን ያለው አየር ይቀንሳል፣ ጫናውም ይላላል። ጎንደር ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሩብ በሚጠጋ ያነሰ ነው። ስለዚህ ውሃው ብዙ ሳይግል ይፈላል። በግርድፉ በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ይቀንሳል ብላችሁ ብታሰሉ ብዙ አትስቱም። ለ2,133 ሜትር ሰባት ዲግሪ ማለት ነው። 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ባሕር ዳር 94 አካባቢ ታገኛለች። ወደ ደባርቅ ወጥቶ ባቄላ ለንፍሮ የጣደ ሰው ቶሎ አልበስል ብሎት አይቶ ይሆናል። እዚያ የሚፈላው ውሃ ከ91 ዲግሪ አይዘልም፤ እሳቱን ቢጨምሩበት እንፋሎቱ ነው የሚበዛው።

ቴርሞሜትሩ በእርግጥ ተበላሽቶ ቢሆንስ?

ጥሩ ጥያቄ ነው። "ከፍታው ነው" ብሎ ዝም ብሎ መቀበልም "100 ነው" ብሎ ከመገልበጥ ብዙ አይሻልም። ማጣራት ይቻላል፤ ደግሞ ቀላል ነው።

በረዶ ከፍሪጅ አምጡና ሰባብሩት። ትንሽ ውሃ ጨምሩበት። ቴርሞሜትሩን ከቱ፣ እያማሰላችሁ ጠብቁ። የሚቀልጥ በረዶ ጎንደርም ሆነ ምጽዋ በ0 ዲግሪ ነው የሚቀልጠው፤ ከፍታ ይህንን የሚለውጠው ለማየት እስኪያዳግት በትንሹ ነው። ቴርሞሜትሩ በረዶው ውስጥ 0 ካለ፣ 93ቱን ለማመን ጥሩ ምክንያት አገኛችሁ። በረዶው ውስጥ ከ0 በታች 7 ካለ ግን ጥፋቱ የቴርሞሜትሩ ነው።

ይህች የአምስት ደቂቃ ሥራ ሪፖርቱን ከሥሩ ትለውጠዋለች። "ቴርሞሜትሩን በሚቀልጥ በረዶ ፈትነነው 0 አሳይቷል" የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር አንድ ገጽ ሙሉ ከመጽሐፍ ከተቀዳ ቲዎሪ ይበልጣል። አንባቢው ሊጠይቅ ያሰበውን ቀድሞ መልሶለታልና።

ከመጽሐፉ የተለየ ቁጥር ሁሉ ትርጉም አለው?

የለውም። ሪፖርት የሚከብደውም እዚህ ላይ ስለሆነ ረጋ ብለን እንየው።

ሁለተኛ ሙከራ እንውሰድ፣ ፔንዱለም። የአንድ ሜትር ክር ጫፍ ላይ ትንሽ የብረት ኳስ ታስሮ ይወዛወዛል። አንድ ጊዜ ሄዶ ለመመለስ የሚፈጅበትን ጊዜ ለክተን የመሬትን ስበት፣ ጂ የምንለውን፣ እናሰላለን። መጽሐፉ 9.81 ይላል።

አንድ ግሩፕ 20 ውዝዋዜ ቆጠረ እንበል። በመጀመሪያው 40.1 ሰከንድ፣ በሁለተኛው 40.3፣ በሦስተኛው 40.2። አማካዩ 40.2 ነው። ለ20 ሲካፈል አንዱ ውዝዋዜ 2.01 ሰከንድ ይሆናል። በቀመሩ ሲገባ ካልኩሌተሩ 9.7716 ብሎ ይቀጥላል። ተማሪው ከነጥቡ በኋላ ያሉትን አራቱንም አሃዝ ይጽፋል። ከዚያ "ጎንደር ከፍ ያለ ቦታ ስለሆነ ስበቱ ቀነሰ" ብሎ ዲስከሽኑን ይዘጋል።

ያምራል። ጎንደር ላይ ስበት በእርግጥም ትንሽ ያንሳል፤ ወደ 9.78 ነው። ግን ይህ ተማሪ ይህንን አላየም። ለምን?

ስቶፕዎች የያዘውን እጅ ተመልከቱ። ኳሱ መጨረሻው ላይ ሲደርስ ዓይን ያያል፣ አውራ ጣት ትንሽ ዘግይቶ ይጫናል። ይህ መዘግየት 0.2 ሰከንድ ያህል ሊሆን ይችላል። ከ40.2 ሰከንድ ውስጥ 0.2 ማለት ግማሽ ፐርሰንት ነው። ቀመሩ ውስጥ ጊዜው በራሱ ስለሚባዛ ስህተቱ እጥፍ ሆኖ አንድ ፐርሰንት ይደርሳል። የ9.8 አንድ ፐርሰንት 0.1 ገደማ ነው። ስለዚህ ይህ ግሩፕ በሐቅ ሊል የሚችለው "9.8፣ ሲደመር ወይም ሲቀነስ 0.1" ነው። ከ9.7 እስከ 9.9 ማለት ነው። የመጽሐፉ 9.81 እዚያ ውስጥ አለ። የጎንደሩ 9.78ም አለ። ሁለቱን ለመለየት ይህ ዕቃ አቅም የለውም። በገበያ ሚዛን የወርቅ ቀለበት እንደመመዘን ነው።

አሁን ወደ ውሃው ተመለሱ። ቴርሞሜትሩን አጥርተን ማንበብ የምንችለው በግማሽ ዲግሪ ነው ብንል፣ ልዩነቱ ሰባት ዲግሪ ነው። ይህ ልዩነት ይናገራል። የፔንዱለሙ ልዩነት ግን ዝም ብሏል፤ እኛ ነን ያናገርነው።

እንግዲህ "ቁጥሬ ከመጽሐፉ ይለያል፣ ምን ላድርግ?" ለሚል ተማሪ የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ነው፦ ልዩነቱ ከዕቃዬና ከእጄ ስህተት ይበልጣል ወይስ ያንሳል? ካነሰ "በስህተቱ ልክ ከመጽሐፉ ጋር ይስማማል" ብሎ ማለፍ ነው። ከበለጠ ምክንያቱን መፈለግ ነው።

ለምን 20 ውዝዋዜ እንደሚቆጠርም ከዚሁ ይገባችኋል። አንድ ውዝዋዜ ብቻ ብትለኩ ያቺው 0.2 ሰከንድ ከ2 ሰከንድ ላይ አሥር ፐርሰንት ትሆናለች። ብዙ ተማሪ ማንዋሉ ስላዘዘው ብቻ 20 ይቆጥራል፤ ምክንያቱን የጻፈ ግን ለአስተማሪው እንደገባው ያሳያል።

"ሂውማን ኤረር" ብዬ ብጽፍ ምን ችግር አለው?

ምንም አይናገርም። "ሰውየው ታሟል" ብሎ ምኑን እንዳመመው ሳይናገሩ እንደመሄድ ነው። ሪፖርት ሳነብ የሚያሳዝነኝ ይህ ሐረግ ነው፤ የጻፈው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ትክክለኛውን ምክንያት ያውቀዋል፣ ግን እንደሚጻፍ አልተነገረውም።

ስህተትን ስትጽፉ ሦስት ነገር ተናገሩ። ምን ነበር? ውጤቱን ወዴት ገፋው? በምን ያህል? ለምሳሌ ክሩን ስትለኩ እስከ ኳሱ ቋጠሮ ድረስ ብቻ ለካችሁ። መለካት የነበረበት እስከ ኳሱ መሃል ነው። ኳሱ ከጫፍ እስከ መሃሉ 1 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ ከ100 ሴንቲ ሜትር ላይ 1 ጎደለ። ስበቱ ከክሩ ርዝመት ጋር አብሮ ስለሚሄድ መልሳችሁ በአንድ ፐርሰንት ወደ ታች ወረደ። ሦስት አጭር ዓረፍተ ነገር ነው። ከዚህ በኋላ ማንም ሰው ስህተቱን ማረም ይችላል።

ፕሮሲጀሩን ከማንዋሉ ብገለብጠውስ?

ማንዋሉ የታሰበውን ነው የሚናገረው። ሪፖርቱ የሆነውን ነው የሚናገረው። ሁለቱ አንድ የሚሆኑበት ቀን ጥቂት ነው። ማንዋሉ 250 ሚሊ ሊትር ቤከር ይላል፤ እናንተ ያገኛችሁት 100 ነበር። ይጻፍ። ሌሊት መብራት ጠፍቶ 37 ዲግሪ ላይ መቆየት የነበረበት ኢንኩቤተር (ባክቴሪያ የሚያድግበት ሙቀት ጠባቂ ሳጥን) ቀዝቅዞ ካደረ እሱም ይጻፍ። ባክቴሪያው ለምን ሳስቶ እንደበቀለ በኋላ የሚገልጸው ይህ ሊሆን ይችላል።

ዝርዝሩ እስከ ምን ድረስ ይሁን? እናት ወጥ ስታስተምር "በርበሬውን በዓይንሽ እያየሽ ጨምሪ፣ እስኪበቃው አቁላዪው" ትላለች። አጠገቧ ቆማ ለምታይ ልጅ በቂ ነው። በስልክ ከሌላ አገር ለምትጠይቅ ልጅ ግን ስንት ማንኪያ፣ ስንት ደቂቃ ካልተባለ ወጡ ሌላ ይሆናል። ሪፖርት የሚጻፈው በስልክ ለምትጠይቀዋ ልጅ ነው። ቤከሩን በየትኛው እጅ እንደያዛችሁ ግን አያስፈልጋትም።

ከሁሉ በላይ ግን ሰዓት ላይ ተጠንቀቁ። ባክቴሪያው ያለበት ክብ ሳህን፣ ፔትሪ ዲሹ፣ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ በ9 ሰዓት ኢንኩቤተር ውስጥ ገባ እንበል። ልጁ ደብተሩ ላይ "9:00" ብሎ ጻፈ። ከሳምንት በኋላ ሪፖርቱን በእንግሊዝኛ ሲጽፍ ናይን ኤኤም አደረገው። የወጣበትን ሰዓት ግን በፈረንጅ አቆጣጠር በትክክል ጽፎታል። 24 ሰዓት የቆየው ባክቴሪያ ወረቀቱ ላይ 30 ሰዓት ቆየ። ቀኑም እንዲሁ ነው፤ የኛ አቆጣጠር ይሁን የፈረንጅ ደብተሩ ላይ ካልተጻፈ ከአንድ ወር በኋላ ማንም አያስታውሰውም።

ሪዛልትና ዲስከሽን እንዴት ይለያሉ?

ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል እንላለን። ሪዛልት ዓይን ነው፣ ዲስከሽን ልብ ነው።

ኬሚስትሪ ላብ ውስጥ አሲድ የያዘ ፍላስክ ላይ ጥቂት ጠብታ ፊኖልፍታሊን (ቤዝ ሲበዛ ሮዝ የሚሆን ጠቋሚ) ጨምራችሁ ከቢውሬቱ (መጠኑ ከተጻፈበት ረጅም የመስታወት ቱቦ) ቤዝ ታንጠባጥባላችሁ። ጠብታዋ ስታርፍ ሮዝ ደመና ትሠራለች። ፍላስኩን ስታዞሩት ትጠፋለች። እየቆየች ለመጥፋት ትዘገያለች። በመጨረሻ አንዲት ጠብታ ወርዳ ፍላስኩ ቢዞርም ቀለሙ ሳይጠፋ ይቀራል፣ ስስ ሮዝ ሆኖ። "ስስ ሮዝ ቀለም ታየ፣ ቢውሬቱ 24.60 ሚሊ ሊትር ያነብ ነበር" የዓይን ቃል ነው፤ ሪዛልት ውስጥ ይገባል። "አሲዱ በቤዙ ሙሉ በሙሉ ገለልተኛ ሆኗል" የልብ ፍርድ ነው፤ ዲስከሽን ውስጥ ይገባል። መለየቱ የሚጠቅመው ፍርዱ ስህተት ሆኖ ከተገኘ ነው። ያያችሁት ንጹሕ ሆኖ ተቀምጦ ከሆነ ሌላ ሰው እንደገና ሊፈርድበት ይችላል።

ስለ ግራፍ አንድ ነገር ብቻ ልበል። ነጥቦቹን እንደ ዚግዛግ አታያይዟቸው። በመሃላቸው የሚያልፍ አንድ ቀጥ ያለ መስመር፣ ነጥቦቹ የሚታጠፉ ከሆነም አንድ ለስላሳ ኩርባ አስምሩ፤ ከመስመሩ የራቀችውን ነጥብም አትሰርዟት።

ስድስት ሆነን በአንድ ዕቃ ስንሠራ ሪፖርቱ አይመሳሰልም ወይ?

ቁጥሮቹ ይመሳሰላሉ፣ መመሳሰልም አለባቸው። ዳታው የጋራ ነው። ከላብ ሳትወጡ እያንዳንዳችሁ በየደብተራችሁ ገልብጡት፣ በእስክሪብቶ። የተሳሳተውን በአንድ መስመር ሰርዙት እንጂ አትፋቁት፤ ነገ ትክክሉ እሱ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ዲስከሽኑ ግን የየራሳችሁ ፍርድ ነው። ዶርም ውስጥ ከሲኒየር በወረሱት ሪፖርት ላይ ስም ቀይሮ ማስገባት የተለመደ መሆኑን አውቃለሁ። የሚጎዳው ማርኩን አይደለም፤ ማርኩማ ይገኛል። የሚጎዳው ዓይንን ነው፤ ያየውን አለማመን ይለምዳል።

ይህ ልማድ ከላብ ተከትሎ ይወጣል። ጎንደር የጤና ባለሙያ ማሠልጠን የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1954 ነው፤ ዛሬም ብዙዎቹ የሳይንስ ተማሪዎቿ ነገ ማይክሮስኮፕ ሥር የሰው ደም የሚያዩ ናቸው። ሐኪሙ ወባ ነው ብሎ ገምቷል። ስላይዱ ላይ ግን የወባ ተውሳክ አልታየም። ባለሙያው የታየውን ይጻፍ ወይስ የተጠበቀውን? በሽተኛው የሚወስደው መድኃኒት በዚያች መስመር ይወሰናል።

ከየት ልጀምር?

ከኢንትሮዳክሽን አትጀምሩ። ሰንጠረዡንና ግራፉን መጀመሪያ ሥሩ፣ በዚያው ዕለት ማታ። ቀጥሎ ፕሮሲጀሩን፣ ሳይረሳ። ከዚያ ዲስከሽን። መግቢያው ወደ መጨረሻ፣ አብስትራክቱ (የሪፖርቱ አጭር ማጠቃለያ) ከሁሉም በኋላ። እንግሊዝኛው የሚያስቸግራችሁ ከሆነ ዲስከሽኑን መጀመሪያ ለዶርም ጓደኛችሁ በአማርኛ ንገሩት። እሱ "እንዴት?" ብሎ ያቋረጣችሁ ቦታ ላይ ጽሑፉ ክፍተት አለበት።

የውሃው ሪፖርት ዲስከሽን በአማርኛ ቢነገር ይህን ይመስላል፦

"ውሃው 93 ዲግሪ ላይ ፈላ፤ ለአምስት ደቂቃም ከዚያ አልጨመረም። ቴርሞሜትሩ በሚቀልጥ በረዶ ውስጥ 0 አሳይቷል፤ ስለዚህ የሰባት ዲግሪውን ልዩነት በቴርሞሜትሩ ብልሽት ብቻ ማስረዳት ይከብዳል። ሙከራው የተሠራው 2,133 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ይቀንሳል ብለን ብናሰላ 93 እንጠብቃለን። ያገኘነው ከዚህ ጋር ይስማማል። የተጠቀምነው የቧንቧ ውሃ ነው፤ የሟሟበት ጨው የመፍያ ነጥቡን ከፍ ሊያደርገው ይችላል፣ ግን በእኛ ቴርሞሜትር ከሚነበበው ያነሰ ነው። በዕለቱ የነበረውን የአየር ግፊት አልለካንም።"